ከጣውላው በፊት ተሸካሚው

በሐዋሳና በባሕር ዳር ሐይቅ ዳርቻ፣ በቢሾፍቱ ሎጆች፣ በአዲስ አበባም የካፌ ግቢዎች ውስጥ የእንጨት ቴራስ መሥራት የተለመደ ሆኗል። ቴራስ ለማሠራት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለሚረገጠው ወለል ነው። ጣውላው ምን ዓይነት ቀለም ይኑረው፣ ቫርኒሽ ይቀባ ወይስ ዘይት፣ ከውጭ የሚመጣው የእንጨትና የፕላስቲክ ድብልቅ ይሻል ይሆን ወይስ የአገር ቤቱ እያለ ሲያማርጥ ይሰነብታል። ከወለሉ ሥር የሚገባው ምሰሶና አግዳሚ ግን ለአናጢው የተተወ ጉዳይ ነው። አናጢውም አጣና ተራ ወርዶ በዕለቱ የቀናውን እርጥብ ባሕር ዛፍ አስጭኖ ይመጣል። ውጤቱ የብዙ ዓመት ዋስትና የተጻፈለት ጣውላ ጥቂት ክረምት በማይሻገር እንጨት ላይ ተቸንክሮ መገኘቱ ነው። የኔ ሐሳብ ይህ ቅደም ተከተል ይገልበጥ የሚል ነው። ለቴራሱ ከተመደበው ገንዘብ ጥሩው እንጨትና ጥሩው መከላከያ አስቀድሞ ለተሸካሚው ይዋል፤ ወለሉ በተረፈው ይሠራ። በአገራችን ሁኔታ ደግሞ ጥሩው ተሸካሚ ከተፈጥሮ ደን የሚቆረጥ ብርቅ ዛፍ ሳይሆን በወጉ የታከመ ባሕር ዛፍ ነው።

የወለል ጣውላ ሲበላሽ ይታያል፤ ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ይሰነጠቃል። አንዱን ነቅሎ ሌላ መምታትም የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አግዳሚው ሲበሰብስ ግን ተመልካች የለውም፤ እሱን ለመቀየር ከላይ ያለው ሁሉ መነሣት አለበት። ይህ ድብቅነት የሚያስከፍለው ዋጋ ከገንዘብም ሊያልፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2015 በካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ከተማ የአንድ አፓርታማ 5ኛ ፎቅ በረንዳ ተደርምሶ 6 ወጣቶች ሞተዋል፤ 7 ቆስለዋል። ሕንጻው ከተሠራ 10 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። በረንዳውን የተሸከሙት እንጨቶች ውኃ ሰርጎባቸው በስብሰው እንደነበር የታወቀው ከወደቁ በኋላ ነው። ግዛቲቱም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ሕግ የአፓርታማ በረንዳዎችና ከፍ ብለው የተሠሩ የውጭ ወለሎች በየጊዜው እንዲመረመሩ አስገድዳለች። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ የአሜሪካ የእንጨት ጥበቃ ማኅበር ደረጃውን አሻሽሎ ነበር። በማሻሻያው መሠረት ከመሬት በላይ ቢሆንም እንኳ ለመጠገን ወይም ለመቀየር የሚያስቸግር ተሸካሚ እንጨት መሬት ውስጥ እንደሚቀበር ሁሉ ጠበቅ ያለ መድኃኒት እንዲገባበት ይጠየቃል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ጓሯቸው ውስጥ ቴራስ ያሠሩ ወገኖቻችን በአግዳሚው ጫፍ ላይ ተመትቶ የሚያዩት ትንሽ ምልክት ይህንኑ የሚናገር ነው። በእነዚያ አካባቢዎች የወለሉ ጣውላ እንደ ባለቤቱ ምርጫና አቅም ይለያያል፤ ከሥር ያለው ግን በአመዛኙ መድኃኒት በግፊት የገባበት ጥድ ነው።

እዚህ ላይ በየጊዜው የሚደባለቁ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የእንጨት ጥንካሬና የእንጨት ዕድሜ አንድ አይደሉም። ባሕር ዛፍ ከደረቀ በኋላ ሚስማር እስኪያጎብጥ ድረስ ይጠነክራል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው «ይሄማ ምን ይነካዋል» ይላል። እንጨትን የሚያበሰብሰው ፈንገስ ግን ጥንካሬን አይፈራም። የሚፈልገው ውኃ፣ አየርና የሚበላውን ነው። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ መበስበስ አይጀምርም፤ ከዚያ በላይ ሲሆንና ሲቆይ ይጀምራል። ያልታከመ የአጥር ቋሚ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነቅሎ ያየ ሰው ይህን በግልጽ ያገኘዋል። ከአፈሩ በላይ ያለው ክፍል ጤነኛ ነው። አየር እንደልብ በማያገኝበት ጥልቀት ያለው ጫፍም ብዙ ጊዜ ደህና ነው። መሬቱን በሚነካበት ቦታ ላይ ግን፣ አንድ ስንዝር በምታህል ርዝመት፣ ወገቡ ተበልቶ ቀጥኗል፤ በጥፍር ሲጫሩት ይፈረፈራል። ምሰሶ የሚሰበረው እዚያው ነው። በቴራስ ሥር ደግሞ ተመሳሳይ ደካማ ቦታዎች አሉ። አንዱ ጣውላው አግዳሚው ላይ የሚያርፍበትና ሚስማሩ የሚገባበት መስመር ሲሆን፣ ውኃ ገብቶ ፀሐይ ሳያገኘው ይቆያል። ሌላው የተቆረጠው የእንጨት ጫፍ ነው። እንጨት አንድ ላይ እንደታሰረ የሸምበቆ እቅፍ ነውና ከጎኑ ይልቅ በጫፉ በኩል ብዙ እጥፍ ውኃ ይስባል። በዚህ ላይ ምስጥን ይጨምሩበት። በአዲስ አበባ ብርድ ብዙም የማያስቸግረው ምስጥ ወደ ስምጥ ሸለቆና ወደ ምዕራብ ወለጋ ሲወርዱ ቤት የሚያፈርስ ጠላት ነው።

እንግዲህ ምን እንጨት ይመረጥ? የመጀመሪያው መልስ ከድሮ የመጣ ነው፤ ጥድ ይሁን፣ ካልሆነም ወይራ። መልሱ በሙያው ስሕተት የለበትም። የአገር በቀሉ ጥድ ቀይ ልብ ምስጥም መበስበስም የሚቋቋም ነው፤ ወይራም እንዲሁ። ችግሩ ከየት ይምጣ የሚለው ላይ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ጥድን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ዋንዛን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ይህን የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንድ ጥድ ለምሰሶ የሚበቃ ልብ እስኪያወጣ ድረስ የሰው ዕድሜ ያህል ይፈጃል። ቡና ለሚጠጣበት ወለል መደገፊያ ብሎ መቶ ዓመት የቆየ ዛፍ መጣል ደግሞ፣ ሕጉም ባይኖር፣ የሚያስተዛዝብ ነው። በነገራችን ላይ ከአራቱ ውስጥ ዝግባ ስሙ ትልቅ ይሁን እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ለቤት ውስጥ በርና ለቁም ሣጥን ያማረ እንጨት ነው፤ ዝናብና አፈር ሲያገኘው ግን አይበረክትም። «የዝግባ ነው» ተብሎ ውድ ዋጋ የተጠየቀበት የውጭ ቋሚ የገዢውን ኪስም ደኑንም የሚጎዳ ግዢ ነው።

ሁለተኛው መልስ በየደጃችን ያለው ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ፣ ለአዲስ አበባ የማገዶ ችግር ተብሎ ከመጣ ወዲህ የአገሪቱን ግንባታ ተሸክሟል። ሁሉም ባሕር ዛፍ ግን አንድ አይደለም። በትውልድ አገሩ በአውስትራሊያ በሚሠራበት ምደባ መሬት ውስጥ ለሚቀበር እንጨት ቀይ ባሕር ዛፍ 2ኛ ደረጃ ሲያገኝ፣ በደጋችን የሞላው ነጭ ባሕር ዛፍ 3ኛ ነው፤ የመጨረሻው ደረጃ 4ኛ ነው። ከመሬት ተነሥቶ አየር በሚያገኝበት ቦታ ሲሆን ሁለቱም አንድ አንድ ደረጃ ከፍ ይላሉ። ይህ ምደባ የሚናገረው ግን ስለ በሰለ ዛፍ ልብ ብቻ ነው፤ የየትኛውም ዛፍ ነጩ የውጭ ክፍል መሬት ውስጥ ሲገባ ዕድሜ የለውም። ከገበያ የምንገዛው አጣና በጥቂት ዓመት የሚቆረጥ ስለሆነ አብዛኛው አካሉ ይኸው ነጭ ክፍል ነው። ስለዚህ ያልታከመ አጣና በወጣለት ስም ሳይሆን በነጩ ክፍል ዕድሜ ይኖራል፤ ያም አጭር ነው።

የሚያስገርመው ግን የባሕር ዛፍ ድክመት የመዳኛው መንገድም መሆኑ ነው። ልቡ ድፍን ስለሆነ መድኃኒት አያስገባም፤ ነጩ የውጭ ክፍል ግን በደንብ ይጠጣል። ለኤሌክትሪክ መስመር የሚቆሙት የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች የሚታከሙት በዚሁ መንገድ ነው። እንጨቱ ይደርቃል፣ በተዘጋ የብረት በርሜል ውስጥ ይገባል፣ አየሩ ይመጠጣል፣ ከዚያም ፈሳሹ በከፍተኛ ግፊት ይገባበታል። ዙሪያውን በታከመ ቀለበት የተሸፈነ ምሰሶ ያለ ጉዳት ዓመታትን፣ ብሎም አሥርት ዓመታትን ሲያስቆጥር በየመንገዱ ዳር እናያለን። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ብዙ አሠሪዎች ከሚመኙት ተቃራኒ ነው። አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ ምሰሶ ለዓይን ይማርካል፤ ነገር ግን መሰንጠቂያው ነጩን ክፍል ጠርቦ ስለሚጥለው መድኃኒት የማይቀበለው ልብ በአራት ገጽ ይጋለጣል። ለቋሚ የሚሻለው ድቡልቡሉ፣ ሳይጠረብ የታከመው ነው። ማማሩ የግድ ከሆነ ከፊት ለፊት በጣውላ መሸፈን ይቻላል። ከታከመ በኋላ መቁረጥና መብሳትም ቀለበቱን ይከፍተዋልና ርዝመቱ አስቀድሞ ተለክቶ ይታዘዝ። መቁረጥ ካልቀረ የተቆረጠው ጫፍ ወደ ላይ ይዙር፣ በመድኃኒቱም ይቀባ።

ለአግዳሚው ነገሩ ትንሽ ይለያል፤ እሱ መሰንጠቅ አለበት። ለዚህ የፈረንጅ ጥድ ወይም በሰል ያለ ቀይ ባሕር ዛፍ ይሆናል፣ የግድ ግን ደርቆ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ በየ100 ሚሊሜትር ስፋቱ እስከ 10 ሚሊሜትር ሊኮማተር ይችላል፤ ይህ ማለት የተጠበቀው ብሎን ይላላል፣ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ጠማማውም ጣውላውን ይዞ ይነሣል። መጠኑም ሌላ ጉዳይ ነው። ለጣሪያ የለመድነው 5 በ7 ሞራሌ ለቴራስ እየተባለ ይገባል። የአግዳሚ ግትርነት የሚወሰነው በቁመቱ ነው፤ ስፋቱ ሳይጨምር ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ 8 እጥፍ ያድጋል። 5 በ14 የሆነ አንድ እንጨት ከሁለት ሞራሌ ጋር እኩል እንጨት ይዞ ከሁለቱ በ4 እጥፍ ግትር ነው። ፎቶ ለመነሣት አንድ ጥግ ላይ የተሰበሰበ ሰው በካሬ ሜትር 4 ከሆነ 300 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሞራሌ ደግሞ በአግድሙ ተኝቶ ሲገባ ስንቱን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

እዚህ ድረስ ያነበበ አናጢ «ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል፣ የተቃጠለ ዘይት እንቀባዋለን» ሊል ይችላል። ይህ መልስ ከጋራዥ በነፃ የሚገኝ መሆኑ ነው የሚወደድለት። ዘይቱ ከላይ ውኃ ለጊዜው ያንሸራትታል። ወደ ውስጥ ግን ሚሊሜትሮች እንኳ በቅጡ አይገባም፤ እንጨቱ ሲሰነጠቅ ደግሞ ስንጥቁ ያልተቀባውን ውስጡን ይከፍታል፤ ፈንገሱም የሚገባው በዚያው ነው። በተጨማሪም ከሞተር የወጣ ዘይት ከባድ ብረቶችን ይዞ አፈር ውስጥ ይቀራል፤ በሐይቅ ዳር ከሆነም መሄጃው ይታወቃል። የቋሚውን ጫፍ ሬንጅ ነክሮ በአርማታ መቅበርም ሌላው የተለመደ ዘዴ ነው። መጀመሪያ ላይ እንደ ብልሃት ቢታይም፣ እንጨቱ ሲደርቅ ከአርማታው ይሸሻል፤ በተፈጠረው ክፍተት የክረምቱ ውኃ ይገባና መውጫ ያጣል። ከዚህ ይልቅ አርማታውን ከመሬት 15 ወይም 20 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጎ፣ እንጨቱን በብረት መያዣ ከላዩ ማቆም ርካሽም ዘላቂም ነው። ለምሰሶው ከመድኃኒት የማይተናነስ ጥቅም ያለው ከአፈር መለየቱ ነው።

ክብደት ያለው ተቃውሞ የመርዙ ጉዳይ ነው፤ በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። ለረጅም ዘመን በብዛት ሲያገለግል የኖረው መድኃኒት መዳብ፣ ክሮምና አርሴኒክ የተቀላቀሉበት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ ለመኖሪያ ቤት ቴራስ መሸጡ ቆሟል፤ በአውሮፓም ተገድቧል። በምትኩ አርሴኒክ የሌለባቸው የመዳብ ውሕዶች ገብተዋል። እነሱም የራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ ተራ ሚስማርን በፍጥነት ያዝጋሉ፣ ስለዚህ በዚንክ የተነከረ ብሎንና ሚስማር ይፈልጋሉ። የኔ መልስ መርዙ የለም የሚል አይደለም፤ ቦታውን ይወቅ የሚል ነው። ሰው የማይነካው ከወለል በታች ያለው ምሰሶ የመድኃኒት ቦታ ነው፤ ልጅ የሚደገፍበት መከታና ምግብ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ግን አይደለም። በእኛ አገር ግን ከሌላው ዓለም የበለጠ የሚያሳስበኝ ቁርጥራጩ ነው። ከአናጢ ሥራ የተረፈ እንጨት ወደ ምድጃ መሄዱ ልማድ ነው። አርሴኒክ የገባበት እንጨት ሲነድ መርዙ በጭሱና በአመዱ ውስጥ ይቀራል፤ እንጀራ የሚጋገርበት ምድጃ ውስጥ ደግሞ ከዚያ የከፋ ነገር የለም። ስለዚህ የታከመ እንጨት ሲሸጥ ቁርጥራጩን ስለ መቅበር አብሮ መነገር አለበት። ከመስመር የወረደ አሮጌ የመብራት ምሰሶ አግኝቶ ቤቱ የሚያስገባ ሰውም ቢያስብበት ይሻላል፤ ጥቁር ቅባቱ ለመኖሪያ የታሰበ አይደለም።

ቱቦላሬ ይሁን የሚሉም አሉ፤ አንዳንዴም እውነት አላቸው። ምስጥ በበዛበት ወይም ቋሚው ረጅም በሚሆንበት ቦታ ብረት ወይም አርማታ ቋሚ አድርጎ እንጨቱን ለአግዳሚ ብቻ ማስቀረት ጥሩ መፍትሔ ነው። ነገር ግን ስስ ግድግዳ ያለው ቱቦላሬ ብየዳው ላይ ቀለሙ ይቃጠላል፣ ውኃ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ዝገቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ከላይ አዲስ ቀለም የተቀባ ቱቦላሬ ውስጡ ምን እንደሆነ ማወቅ ከእንጨቱም ይከብዳል። ዋጋው ደግሞ ከውጭ ምንዛሪ ጋር የታሰረ ነው፤ ባሕር ዛፉን ግን ገበሬው በማሳው ያበቅለዋል።

አባቶቻችን ያለ ኬሚካል ሠርተው የለም ወይ የሚለውም ጥያቄ ተገቢ ነው። በላስታ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራ ሲሆን ከ800 ዓመታት በላይ ቆሟል። ቦታውን ላየ ግን ምሥጢሩ ግልጽ ነው፤ ሕንጻው ዋሻ ውስጥ ስለሆነ ዝናብ አይመታውም፣ ፀሐይም አይሰነጥቀውም። የጥንት ግንበኞች እንጨታቸውን መርጠዋል፣ አድርቀዋል፣ ከውኃ ሸሽገዋል። ቴራስ ግን በባሕርዩ ዝናብና ፀሐይ ላይ የሚዘረጋ ነው፤ ያንን ጥበቃ የማናደርግለትን እንጨት በመድኃኒት መርዳት ግድ ይላል።

የሚቀረው ዋጋ ነው። የታከመ ቋሚ ካልታከመው እጥፍ ቢያወጣ እንኳ ከቴራሱ አጠቃላይ ወጪ ውስጥ ድርሻው ጥቂት ነው፤ በመካከለኛ ቴራስ ሥር የሚቆሙት ምሰሶዎች ከደርዘን ብዙ አይርቁም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሁሉንም ነቅሎ እንደገና መሥራት ግን የአናጢ ዋጋ፣ የሚሰበር ጣውላና የተዘጋ ቤት ገቢ ነው። እውነተኛው እንቅፋት ተራ ገዢ የታከመ እንጨት የት እንደሚያገኝና ያገኘውን እንዴት እንደሚያምን አለማወቁ ነው። ሲሚንቶ ሲገዛ ከረጢቱ ላይ ደረጃውን ያነባል፤ ፌሮ ሲገዛ ውፍረቱን ይለካል፤ እንጨት ግን በዓይን ተገምቶ በቃል ይሸጣል። «ታክሟል» የተባለው አረንጓዴ ቀለም ብቻ የተነከረ ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩትና የሕንጻ ፈቃድ ሰጪ አካላት እዚህ ላይ ሥራ አላቸው። የዛፉ ዓይነት፣ የገባው መድኃኒት፣ የታከመበት ዓመት፣ መሬት ለመንካት ይሁን አይሁን የሚገልጽ ማህተም በየእንጨቱ ጫፍ ላይ መምታት ከባድ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም። ሕዝብ ለሚሰበሰብበት ቴራስ ፈቃድ ሲሰጥም ከወለሉ ፎቶ በፊት የተሸካሚው ዝርዝር ይጠየቅ።

እስከዚያው የእንጨት ቴራስ ያላችሁ የካፌ፣ የሎጅና የቤት ባለቤቶች ሰኔ ሳይገባ አንድ ካቻቢቴ ይዛችሁ ከወለሉ ሥር ግቡ። እያንዳንዱን ቋሚ መሬት በሚነካበት ቦታ፣ እያንዳንዱን አግዳሚ በጫፉና በሚስማሩ መስመር ላይ ውጉት። ጤነኛ እንጨት ይመልሰዋል። ካቻቢቴው ያለ ድካም አንድ ሳንቲሜትር ከገባ ያንን ክፍል ዝጉት፣ ወንበሮቹን አንሡ፣ ባለሙያ ጥሩ።